ስሙ ያልተሞላው ቫውቸር

ሰኞ
ጋሽ ንጉሤ ዛሬም ስልክ አላነሱም። የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው። የከተማው አስተዳደር ለምንደግፈው የምርጫ ተወዳዳሪ እንድንሰጥ የላከልንን ቫውቸር ባለፈው ስብሰባ የሰበሰቡት እሳቸው ናቸው። ለሰው አራት ወረቀት፣ አንዱ ሃያ አምስት ዶላር፣ ከግብር የሚከፈል። «እናንተ ፈርሙ፣ ስሙን እኔ እሞላዋለሁ። ተበታትነን ማን ይሰማናል?» አሉ። ለማን ብሎ የጠየቀ የለም። ሬሳህን አገር ቤት የሚያደርስልህን ሰው እንዲህ አትጠይቅም።

ማክሰኞ
ማን ለማን እንደሰጠ የሚያሳየውን የከተማውን ዝርዝር ለማዘጋጀው ጋዜጣ ብዬ አነበብኩ። የእኛ ሰዎች በተርታ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ለአንድ ሰው። ሬኒየር ጎዳና ላይ ያለው የሱቆች ሕንፃ ፈርሶ ፎቅ ይሠራበት ብሎ የሚሟገተው ተወዳዳሪ ነው። የዕድራችን አባል የዘይነባ ሱቅ እዚያ ነው። እሷም ዝርዝሩ ውስጥ አለች።

ረቡዕ
ሱቋ ሄጄ አሳየኋት። በርበሬ እየመዘነች ነበር። ሳቀች። «ሶ፣ ማፍረሻውን እኔው ከፈልኩ በሉኛ!» ከዚያ ሚዛኑን አስቀመጠችው። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት ሱቅ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።
«ጋዜጣዎ ላይ ይጻፉት፣ ጋሼ። ስሜን ግን አያንሱ። ነገ እናቴ ብትሞት ማን ይቆምልኛል?»
ከተማው ቢሮ ደወልኩ። የተሰጠ ቫውቸር አይመለስም አሉ።

ሐሙስ
ጋሽ ንጉሤ አነሱ። አልካዱም። የሕንፃው ባለቤት በአዲሱ ፎቅ ሥር ለዕድሩ አዳራሽ እሰጣለሁ ብሏቸዋል።
«እስከ መቼ በኪራይ አዳራሽ ለቅሶ እንቀመጥ?»
በጽሑፍ ነው ወይ አልኳቸው። «ሰው በሰው ያምናል» አሉ።
የቫውቸሩ ሕግ የወጣው ባለገንዘብ ምርጫ እንዳይገዛ ነበር። ይኼኛው ባለገንዘብ ከኪሱ ምንም አላወጣም። ገንዘቡም ፊርማውም የእኛ ነው።
ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ «የራስህንስ ስም አየኸው?» አሉኝ።
አይቼዋለሁ። ማክሰኞ ነው ያየሁት፤ እዚህ ግን አልጻፍኩትም። ሠላሳ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ በዚያ ስብሰባ ቀን ብዕር አቀብሉኝ ነው ያልኩት።

ዓርብ
ጋዜጣው ወጣ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፦ «ለማን ሳይሉ ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ።» የዘይነባ ስም የለበትም።
ገበያ ሁለት ሰው ሰላምታዬን ሳይመልስ አለፈ።

ቅዳሜ
ነገ ዕድሩ ይሰበሰባል። አጀንዳው አንድ ነው፦ የእኔ አባልነት። ባለቤቴ «አርፈህ ይቅርታ ጠይቅ፣ ቀባሪ ታሳጣናለህ» ትላለች።
ከሰዓት ዘይነባ ደወለች። የስብሰባውን ሰዓት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።
«ስሜን ራሴ እናገራለሁ» አለች።
ትምጣ፣ ትቅር አላውቅም። ከጎኔ አንድ ወንበር እይዝላታለሁ።