ገደብ ለማይነካው የእኅቴ ልጅ

የኔ ባለሥልጣን፣

ለምሳ ስትመጣ ድስቱ ውስጥ ያለውን አሙቀህ ብላ።

መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር አስተዳዳሪ መሆንህ አንሶህ፣ የቤታችንንም ኢንተርኔት ለእኔ በቀን አንድ ሰዓት፣ ለራስህ ግን ያለ ገደብ አደረግኸው። እሰይ! ሹም ራሱን ይገድባል እንዴ? «እኔ ‹ሩት› ነኝ አክስቴ፣ በኮምፒውተር ሁሉን የሚያዝ፤ በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ነው» አልኸኝ። እኔ የማውቀው ሥር ቅርንጫፉን ያጠጣል፤
አንተ ብቻህን ትጠጣለህ።

ዛሬ ፊልም እንዲወርድልህ ለቀህ ስትወጣ፣ እኔ ከእናትህ ጋር በቪዲዮ እያወራሁ ነበር። «ለልጄ ንገሪልኝ...» ብላ አፏን እንደከፈተች፣ ፊልምህ ኢንተርኔቱን ጠጥቶት ምስሏ ስልኩ ላይ ደርቆ ቀረ። ተናድጄ ኮምፒውተርህን ከሶኬት ነቅያለሁ፤ ከተበላሸ ይቅር በለኝ።

ወደ ሆስፒታል ሄጃለሁ። ቀዶ ጥገናዋ ነገ ጠዋት ነው።
ምን ልትልህ እንደነበር እኔም አላውቅም።
ዛሬውኑ መጥተህ ከራሷ ስማ።

አክስትህ