ከቀድሞ አሰልጣኞቻችን የባሰው የትኛው እንደነበር ለጠየቁን ለክቡር ሰብሳቢያችን

ይድረስ ለክቡር አቶ በኃይሉ፣ የላፍቶ ጮራ እግር ኳስ ክለብ የቦርድ ሰብሳቢ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጉሮሮዎ እንዴት ሆነልዎ? ባለፈው ቅዳሜ በመካኒሳው አዳራሽ ድንገት ድምፅዎ ተዘግቶ ስብሰባውን ሳይጨርሱ ስለወጡ እኛ ደጋፊዎችዎ እስከ ዛሬ ስለእርስዎ ስንጨነቅ ከርመናል። እኔ ሣራ እባላለሁ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምኖር መምህርት ስሆን፣ ክለቡን በግራ ተከላካይነት ያገለገለው የአዶኒያስ ታላቅ እህት ነኝ። ይህ ደብዳቤ ለሁሉም የሚነበብ፣ በስብሰባው ያልተገኘውም ሰው ብዙ በመሆኑ፣ የሆነውን ከሥሩ እንድተርክ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ባይፈቅዱም እተርካለሁና አይቸገሩ።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ክለብ በተሸነፈ ቁጥር ሌላ ሰብሳቢ ቢሆን ወደ ራሱ ይመለከት ነበር፤ እርስዎ ግን በአርቆ አሳቢነትዎ እኛን ሰብስበው፣ “ከቀድሞ አሰልጣኞች ክለባችንን ይበልጥ የጎዳው የትኛው ነው?” የሚል የመወያያ ርዕስ ሰጡን። ለካ ስንናደድ የኖርነው ርዕስ አጥተን ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ በዚህ ርዕስ ወዳጆችን ማቃቃርዎ ነው። የታክሲ ሹፌሩ ሲራክና ፀጉር አስተካካዩ ጸጋአብ የነፋስ ስልክ ልጆች ናቸው፤ ጨዋታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ካላዩ ያዩ የማይመስላቸው ባልንጀሮች ነበሩ። ሲራክ የባሰው አሰልጣኝ ሚሳኤል ነው አለ፤ ቡድኑን በሙሉ የራሳችን ግብ በር ላይ ኮልኩሎ ጎል የሚባለውን ነገር አስረስቶናል ሲል ተከራከረ። ጸጋአብ ደግሞ ሚሳኤል ቢበዛ እንቅልፍ አስወሰደን እንጂ ሰው አልሰበረም፤ የባሰውስ የታመመ ልጅ ሜዳ ያስገባው ደምሰው ነው አለ። በዝናብ መጥቶ ዝናቡ ሳያባራ የተሰናበተውን አሰልጣኝ ያነሣም ነበር፤ ስሙን የሚያስታውስ ስለጠፋ ግን በነጻ ተለቀቀ።

ነገሩ እየከረረ ሄዶ ሲራክ፣ “ደምሰው እኮ ወደ ላይኛው ሊግ ሊያሻግረን ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ለአንድ ጉልበት ተብሎ…” ብሎ ጀመረና ዞር ሲል ወንድሜን አየው። አዶኒያስ ከእኔ አጠገብ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ሲራክ አፉን ቢይዝም ጸጋአብ ኮሌታውን አንቆ ወደ ግድግዳው ገፋው፤ ወንበር ወደቀ፤ ሴቶች ወደ በሩ ሸሹ። እርስዎ በዚያች ሰዓት መድረኩ ላይ ሆነው ውይይቱ የሞቀ መሆኑን በማይክሮፎን ስላበሰሩን ውለታዎን አንረሳም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለዚያች ጉልበት ነው። ማደጋችን በሚወሰንበት ጨዋታ ዋዜማ የአዶኒያስ ጉልበት አብጦ ስለነበር ወጌሻው እንዲያርፍ መክሮት፣ አሰልጣኝ ደምሰውም ከሰልፍ አውጥቶት ነበር። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ግን ስሙ ተመልሶ ገባ። ወንድሜ አሰልጣኙ ያመነበት መስሎት ደስ ብሎት ተጫወተ፤ ከእረፍት በኋላ ጅማቱ ተበጠሰ፤ እኛም ተሸነፍን። በማግሥቱ ደምሰው ተባረረ። አዶኒያስ ከዚያ ወዲህ ኳስ አልመታም፤ ከደምሰው ጋር በአንድ መንገድ እየተላለፉ ሰላምታም አልተለዋወጡም። ስለዚህ እርስዎ ድምፅ እንድንሰጥ ባዘዙ ጊዜ ለደምሰው ጥፋተኝነት የማይነሣ እጅ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሲራክ እንኳ በወንድሜ ፊት አፍሮ እጁን አነሣ፤ የእኔም እጅ ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቷል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ፣ ማን ማን እንደመጣ ሳያጣሩ ስብሰባ መክፈትዎ ነው። ኋለኛው ረድፍ ላይ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ የተቀመጠ ሰው ነበር። ተነሥቶ ኮፍያውን ሲያወልቅ ደምሰው መሆኑን ያወቁት ሰዎች ስሙን አንሾካሾኩ፤ ሹክሹክታው ከወንበር ወደ ወንበር እየተላለፈ አዳራሹን ሞላው። ማይክሮፎን አልጠየቀም።

“ልጁን ከሰልፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ መልሼ ያስገባሁትም እኔ ነኝ” አለ። “መልሰህ አስገባው ያሉኝ ሰው መድረኩ ላይ ተቀምጠዋል። እምቢ ብል ሌላ ክለብም እንደማልቀጠር ነግረውኝ ፈራሁ። ትእዛዙ የእሳቸው ቢሆንም ያደረግሁት እኔ ነኝና የሰጣችሁት ድምፅ ትክክል ነው።”

ወንድሜ ብድግ አለ። ሊመታው ነው ብዬ ክንዱን ያዝኩት፤ በቀስታ አስለቀቀኝና እያነከሰ ሄዶ ፊቱ ቆመ።

“ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?” አለው።

“አፍሬ ነው፣ ልጄ።”

ከአዶኒያስ አፍ የይቅርታ ቃል አልወጣም፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልጽፍም። ከዚያ ወደ መድረኩ ዞሮ፣ ጋሼ ደምሰው ያሉት እውነት ነው ወይ ብሎ በአክብሮት ጠየቀዎት። እርስዎም፣ “የዛሬው አጀንዳ አሰልጣኞች ናቸው” ብለው መለሱለት። ክቡር ሆይ፣ ብዙ መልስ ሰምቻለሁ፤ ሰውን እንዲህ አድርጎ ከአጀንዳ ውጭ የሚያደርግ መልስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሲራክ ወደ መድረኩ ሲንደረደር ያገደው ማን እንደሆነ ዞር ብለው አላዩም ይሆናል፤ ደረቱን ይዞ የመለሰው ያው አዶኒያስ ነው። ጉሮሮዎ የተዘጋውና በጎን በር የወጡትም ያኔ ነው።

የመጨረሻው ቅሬታዬ አጭር ነው። በማግሥቱ በክለቡ የፌስቡክ ገጽ ላይ፣ ደጋፊዎች በሰላማዊና በጨዋ ውይይት አሰልጣኝ ደምሰው የክለቡ ቁጥር አንድ ጠንቅ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ማረጋገጣቸው ተጽፎ አነበብን። እርሱ የተናገረው አልተጻፈም፤ ወንድሜ የጠየቀው አልተጻፈም። ያ ድምፅ የተሰጠው እውነቱ ሳይነገረን ነውና፣ የእኔን እጅ በዚህ ደብዳቤ መልሼ አውርጃለሁ። ሲራክና ጸጋአብም አውርደዋል፤ ደብዳቤውን ከማውጣቴ በፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንብበውልኛል፣ ምንም እንኳ ስለ ሚሳኤል አሁንም ባይስማሙ።

ስለዚህ ጥያቄያችን ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ከገጹ ያንሡልን፤ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤም ለአዶኒያስ “አዎ” ወይም “አይደለም” ብለው ይመልሱለት። ሁለቱም ቃላት ለጉሮሮ አይከብዱም።

አሰልጣኝን ለማባረር የማይደክመው ክንድዎ እንዲጸና፣ ወንበርዎም እንደ አሰልጣኞቻችን ወንበር እንዳይነቃነቅብዎ እየተመኘሁ፣ ለረጅሙ አገልግሎትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ሣራ፣ ከጀሞ

ማሳሰቢያ፦ አዶኒያስ በዚህ ሳምንት የሰፈራችንን የሴቶች ቡድን ማሠልጠን ጀምሯል፤ ጋሼ ደምሰውም እንዲረዳው ጠይቆት እሺ ብሎታል። ገና ብዙ አይነጋገሩም። በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ለባዶ ተሸነፉ፤ ሴቶቹም አሰልጣኞቻቸውን ሳያባርሩ ልምምዳቸውን ቀጥለዋል። እንዲህም ማድረግ እንደሚቻል ምናልባት ያልሰሙ እንደሆነ ብዬ ነው።