በአጭሩ ሰልፍ የቆምኩ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ አዶዮ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እትዬ? ከራስ ጸጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? የወገብሽ ሕመምስ ተወት አደረገሽ? የሞምባሳ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ኦኬችስ፣ ጤናው፣ ሥራው? ትንሿ አፒዮስ ጥርስ አበቀለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። ዓሣው አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፤ እኔ ግን መጥበሻዬ ፊት አለሁ። ልጅሽ ኦዊኖም ደህና ነው። ይበላል፣ ይስቃል፣ ይቆጣል። ይህን ያስቀደምኩት ከታች የምጽፈውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይደነግጥብኝ ነው።

እስካሁን አንዱ ደውሎ «እህትሽ ልጅሽን ከኳስ ቡድኑ አስወጣችው» ሳይልሽ አይቀርም። የሆማ ቤይ ሰው ወሬ ለማድረስ ከአውቶቡስ ይቀድማል። ነገሩ እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የሚነግሩሽ። በስልክ ልንገርሽ ብል መስመሩ ሲቆራረጥ የቀረውን አንቺ በሐሳብሽ ልትሞይው ነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢውና ተቆጪኝ።

አምና ከምድባችን እንዳንወርድ ያደረገችውን ጎል አግብቶ እዚያው መውደቁን፣ የጉልበቱ ጅማት መበጠሱን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ሁለተኛውን ነው። «ደረጃ ላይ አዳለጠኝ» ብሎ የነገረሽ ውሸቱን ነው። ሐኪሙ ገና ሩጫ ሳይፈቅድለት አሰልጣኙን «ተፈቅዶልኛል» ብሎ ሜዳ ገባ። ለምን ብትይ፣ ገበያ መውጣት አቅቶት ነበር። ቲማቲም ሻጯ «መቼ ነው የምትጫወተው?»፣ የሞተር ታክሲው ልጅ «መቼ ነው?»፣ ፓስተሩ እንኳ ከጸሎት በኋላ እጁን ይዞ «ታዲያ መቼ ነው?» ይለዋል። ይወዱታል እኮ እትዬ! እኔን በስሜ የሚጠራኝ ጠፍቶ የኦዊኖ ትንሿ እናት ሆኜ ቀርቻለሁ። እና ገባ፣ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ አበደ፤ ኳሷን በወጉ ሳይነካ ጉልበቱ ከዳው። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ ለኔ ለብቻዬ የነገረኝ፣ ሦስተኛ ከተበጠሰ ኳሱ ይቅርና ጀልባ ላይ መውጣትም ይቸግረዋል ነው።

እንግዲህ አዲሱ የውድድር ዘመን ደረሰ። ቡድኑ የሚያስመዘግበው ተጫዋች ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ የማይጫወት ሰው ቦታ ከያዘ የሚጫወተው ውጭ ይቀራል። አሰልጣኛችን ዋንጃላ «ኦዊኖ ዘንድሮ አይመዝገብ» አለ። ኧረ ጉድ! ከተማው ተቃጠለ ብልሽ ይቀላል። የተመዘገበ ብቻ ነው በቡድኑ ቤት የሚያድረው፣ ከቡድኑ ድስት የሚበላው፣ በቡድኑ የሚታከመው። ቡድኑ ደግሞ የአንድ ሀብታም አይደለም፣ የኛ የአጥማጆቹና የዓሣ ሻጮቹ ነው። ስለዚህ አባላት በሙሉ ቅዳሜ ጀልባ ማቆሚያው ላይ እንድንሰበሰብ ተጠራን።

ሊቀመንበራችን ባባ ኦጉቱን ታስታውሺዋለሽ፣ በየለቅሶው ማይክሮፎን የሚይዘውን። ድንኳኑም የሱ፣ ድምፅ ማጉያውም የሱ ነው። ሰውየው የለመደው ለቅሶ ስለሆነ ስብሰባውንም እንደ ለቅሶ መራው። መጀመሪያ ጸሎት፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤት መምህሩ፣ ቀጥሎ የዕድሜ እኩዮቹ፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ተወካይ። እያንዳንዱ እየተነሣ ስለ ደግነቱ፣ ስለ ግራ እግሩ፣ ስለዚያች ጎል ተናገረ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ልጁ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከፊት ወንበር ተቀምጦ የገዛ ሙሾውን ይሰማል። እኛ ሉዎዎች አወይ ለቀብር ስንበረታ! ሰው መሞቱን እንኳ አንጠብቅም።

ዋንጃላ ሲነሣ ገና አፉን ሳይከፍት አንዱ፣ ያው ጎረቤቶቻችን ሉህያዎችን በዶሮ ወዳድነታቸው እንደምንቀልድባቸው፣ «አንተ ሉህያ፣ ሂድና ዶሮህን ብላ!» አለው። ሳቅ ሆነ። እሱም ሳቀና «ዶሮዬን በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ቀጠለ። «እናንተ የምታወሩት ስለ አምናው ጎል ነው፣ እኔ የማወራው ስለ ልጁ ጉልበት ነው። ስሙ እስከተመዘገበ ድረስ ይሮጣል። እናንተ ትዘፍናላችሁ፣ እሱ ይሮጣል። ባለፈው አምኜው አስገባሁት፣ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። አሁን ይውጣና ይዳን። ሲድን በሩን አንኳኩቼ የምለምነው እኔ ነኝ። ሌላ ቡድን ከወሰደውም ደስ ይበለው» አለ። ፉጨትና ጩኸት አስቀመጠው።

እንደ ለቅሶው ደንብ መጨረሻ ላይ የሚናገረው ቤተሰብ ነው። ኦጉቱ ማይኩን ሰጠኝ። እትዬ፣ የሄድኩት ልለምናቸው ነበር። «ልጄን አትጣሉት፣ ለናንተ ነው የተሰበረው» ልል ሌሊቱን ሙሉ አጥንቼው አድሬያለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «እናንተ ሰዎች፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ጠዋት የራሱን የኡጋሊ ገንፎ ጨርሶ የኔንም በልቷል። ማንን ነው የምትቀብሩት?» አልኩ። ሳቁ ድንኳኑን ሊያነሣው ደረሰ፤ ኦዊኖም ሳቀ። እኔ ልቀጥል ብል አልቻልኩም። የሚወዱት ሁሉ ስላለፈው ሲያወሩ፣ ነገ እንደሚድን ያወራው ይውጣ ያለው ሰው ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ማይኩን መልሼ ተቀመጥኩ።

ድምፅ አሰጣጣችን በወረቀት አይደለም፣ በሰልፍ ነው። ይቆይ የሚል ከኦጉቱ ኋላ፣ ይውጣ የሚል ከዋንጃላ ኋላ ይቆማል። ማን የት እንደቆመ አገር ያየዋል። የኦጉቱ ሰልፍ ጀልባዎቹን አልፎ ውኃው ዳር ደረሰ። ከዋንጃላ ኋላ የቡድኑ ወጥ ሠሪና ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ቆሙ፤ አንደኛውም ጥላ ፈልጎ ነው አሉ። እኔ ወደ ዋንጃላ ሄድኩ። የገበያ ጓደኞቼ የተሳሳትኩ መስሏቸው «አኬዮ፣ ሰልፉ በዚህ ነው እኮ!» ብለው ጮኹ። ኋላ ነገሩ ገባቸው። ከዚያ አንዷ፣ ማን እንደሆነች አልነግርሽም፣ «እናቱ ብትሆን ታደርገው ነበር?» አለች። እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኦዊኖ አየኝ። ላሳድገው ከተቀበልኩት ጀምሮ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

መቁጠርም አላስፈለገም፣ ይቆይ ያሉት አሸነፉ። ሰልፉ ፈረሰና እልል እያሉ ወደ ልጁ ሮጡ። ልክ ጎል እንዳገባ ጊዜ ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ ሰቀሉት። በደስታ ማን ልብ ይበል? አንዱ ጎረምሳ ያንን እግሩን በብብቱ ቆልፎ ይዘላል። ልጅሽ ጮኸ እትዬ። እንደዚያ ያለ ጩኸት በጠላትም ጆሮ አይግባ። ዘፈኑ ተቋረጠ። «አውርዱኝ» አለ፤ አወረዱት። ክራንቹን አቀበሉት። ላብ በፊቱ እየወረደ፣ ሁሉም እያየው፣ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ኦጉቱ በማይኩ «ልጄ፣ ምርጫው እኮ አልቋል፣ አሸንፈሃል» አለው። ኦዊኖ ከቦታው አልተነቃነቀም። ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። ኦጉቱ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ማይኩን ሳይለመን አስቀመጠ። ቅድም «እናቱ ብትሆን» ያለችኝ ያችው የገበያ ሴትዮ መጣችና ከሱ ኋላ ቆመች። ከዚያ ሌሎችም።

ሁሉም አልመጡም፤ ዛሬም ከኔ ዓሣ የማይገዙ አሉ፣ ይራቡ። ግን ስሙ ከሚመዘገቡት ዝርዝር ወጣ። በጭቅጭቅ ሕክምናው በቡድኑ እንዲቀጥል ተስማምተዋል፣ ቃላቸውን እስከመቼ እንደሚጠብቁ አላውቅም። ከቡድኑ ቤት ፍራሹን ይዞ እኔ ጋ ተመልሷል። ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ በሦስተኛው ወጡ ጨው አነሰው ብሎ ተጨቃጨቀኝ፣ ደስ አለኝ። ልክ ነው የሠራሁት ወይስ አይደለም፣ አንቺ ወልደሽዋልና ፍረጂኝ።

ትናንት ሐኪም ቤት አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ ጉልበቱን እየተጫነ «እዚህ ጋ ያምሃል?» አለው፣ ሁልጊዜ እንደሚጠይቀው። ልጅሽ ኮርኒሱን እያየ «አዎ፣ በጣም ያመኛል» አለ። ሐኪሙ እጁን አንሥቶ እኔን አየኝ። ይህን ቃል ከልጅሽ አፍ አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ለኦኬች ሰላምታዬን በአክብሮት አቅርቢልኝ። አፒዮን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ በኔ ፈንታ ነከስም አድርጊያት። ለአማትሽ ለእማማ ንያር ካኖ እንደምን ሰነበቱ በይልኝ። ኦዊኖ እዚህ አጠገቤ ሆኖ «እማዬን እወዳታለሁ በያት፣ ሌላው በቃ» ይልሻል።

ታናሽ እህትሽ አኬዮ
ሆማ ቤይ፣ ጁላይ 9 ቀን 2017