ከመስታወትሽ ጎን የሚሰቀል ካርታ

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከሄሊኮፕተርሽ ቀድሞ ይድረስሽ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን።

እናታችን የምረቃ ፎቶዬን ከግድግዳ አውርዳ የአንቺን፣ የአብራሪ ልብስ የለበስሽበትን፣ ሰቀለች። ባኮርፍ «አንተን በየቀኑ አይህ የለ!» አለችኝ። በመብራት መሥሪያ ቤት የመስመር ካርታ መሣል ጀምሬያለሁ። አንድ ቀን ዋና መሐንዲስ መሆኔ አይቀርም፤ ግን ካርታ ማን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የጦር ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ሲበር ሽቦ በጥሶ ከተማው ግማሽ ቀን ጨለመ። የቀጠልነው እኛ፣ የሚወራው ስለ አብራሪው! ሽቦው ከአውራ ጣቴ አይወፍርም። መልሰን ከሰቀልነው በኋላ ቀና ብዬ ብፈልገው፣ ቦታውን እያወቅሁ እንኳ ጠፋብኝ። የአብራሪው እናት ጥቁር ለብሰው መጥተው «የቱ ነው ሽቦው?» አሉን። ይህን ለእናታችን አልነገርኳትም።

ከጦር ሰፈራችሁ ጀርባ ባለው ሸለቆ አዲስ መስመር ዘርግተናል። ቀያዮቹ የማስጠንቀቂያ ኳሶች ገና አልተሰቀሉበትም፤ በእናንተም ካርታ ላይ የለም። በቀይ እስክሪብቶ ሥዬ ልኬልሻለሁ። ዛሬውኑ ከመስታወትሽ ጎን ስቀዪው፤ ጠዋት ፀጉርሽን ስታስሪ እዪው። ለጓደኞችሽም አሳዪ፤ ታናሽሽ ምን እንደሚሠራ ይወቁልኝ። ፎቶሽ የእኔን ካስወረደ፣ የእኔም ሥራ አንቺ ዘንድ ይሰቀል እንጂ!

እናታችን ጉንጭሽን ስማሻለች። እኔ ግን ካርታው መሰቀሉን ሳልሰማ አልስምሽም።

ቀናተኛው ታናሽሽ