ቀርከሃው ወይስ ዑስማን

ግንቦት 4፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት
የአልጋው ርብራብ ዛሬም አንድ ተሰበረ። ስንጋባ ዑስማን በገዛ እጁ የሠራው የቀርከሃ አልጋ። መተኪያ ፍለጋ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ቀርከሃችን ወረድኩ። ምን ዋጋ አለው! አምና አበበ፣ ዘሩን አረገፈ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረቀ። ስነካው ይሰነጠቃል። ዝናብም የለም፤ ድሮ በዚህ ጊዜ ጭቃ ነበር። ማስታወሻዬ፣ ባሌ ናፍቆኛል። ካንቺ በቀር ለማን እላለሁ?

ግንቦት 7፣ አመሻሽ
ዑ. ከኩርሙክ ደወለ። የወርቅ ቁፋሮው አቧራ ድምፁን አሻክሮታል። ሰሊጥ ያዋጣል አለ። ዝናቡ ሳይጠነክር ቀርከሃው ይቃጠል፣ መሬቱ ይጽዳ፤ ወርቁን ትቶ መጥቶ ይዘራል። ለዘለቄታው! ከዘጋ በኋላም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ። ክብሪት እንደሆነ ከቤት አይጠፋም።

ግንቦት 9
ስብሰባ። የዱር እንስሳት ባለሙያው አቶ ሙሉቀን ከአሶሳ መጣ። እሳት አታግቡ አለ። ዘሩ መሬት ውስጥ ነው፣ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። የደረቀውን ቆርጣችሁ በማኅበር ሽጡ፤ ድኩላውና ጅግራው ሌላ መጠጊያ የላቸውም፤ ምንጩም አብሮ ይደርቃል። ለአልጋ የሚሆነው መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ዓመታት ይፈጃል አለ። ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔ ነደደኝ። ለድኩላ መጠጊያ የሚያስብ ሰው ለእኔስ? እሱ እንደሆነ ማታ ሚስቱ ጋ ይገባል። በኋላ ስሰማ የእሱም ሚስት ጎጃም ናት። ንዴቴ ግማሹ ወጣልኝ፤ ግማሹ አለ።

ግንቦት 12
ለአማቴ ነገርኳቸው። እሳቸው ሙሽራ ሳሉም እንዲሁ አብቦ ደርቆ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያሉት አቃጠሉ፤ የእኛዎቹ ሰንፈው ተዉት። ማዶው ዛሬም ድንጋይ ነው። እንግዲያው እንተወው ስላቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። የለም፣ አቃጥዪው፣ ልጄን ሳላየው ልሙት እንዴ አሉኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

ግንቦት 24፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ሲያካፋ ሰነበተ። ዑ. በየቀኑ ይደውላል፦ ነገ ካልሆነ አይሆንም። ክብሪቱን ይዤ ወረድኩ። አዎ፣ ላቃጥል! ደረቅ ቅጠል ስሰበስብ ድኩላ ከእግሬ ሥር ብድግ ብላ ሮጠች። ክው አልኩ። የተኛችበት ዙሪያ አረንጓዴ ነው። ሣር መስሎኝ አንዱን ነቀልኩ። ከሥሩ የአምናው የቀርከሃ ዘር ተንጠልጥሏል።
መልሼ ተከልኩት፤ በጣቴ አፈር አለበስኩት። ክብሪቱን በለበስኩት ቶብ ጫፍ ቋጠርኩ። ዑስማን፣ ምነው አንተ እዚህ ሆነህ ባየኸው።

ግንቦት 25፣ ጠዋት
አልጋው ለይቶለት ወደቀ። ፍራሹን ወለል ላይ አነጠፍኩ።
ወሰንኩ። አላቃጥልም። እነግረዋለሁ፦ ሰሊጥ የለም፣ የሚቆረጥ ደረቅ ቀርከሃና የሚጠበቅ ቡቃያ አለ። ለዚህ ከመጣ ይምጣ። ካልመጣ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ጀግና አይደለሁም።
ደወልኩ። እየጠራ ነው። አማቴ ዓይናቸውን ከስልኩ አልነቀሉም። አነሳ…