ለብቻዋ የተነሳች እጅ

ዛሬ የምንሰናበታቸው የቀድሞዋ የክልሉ ምክር ቤት አባል ከባቡር ጣቢያ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ከሐዲዱ አጠገብ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ስለሚንቀጠቀጥ ቤተሰቡ በሙሉ ጮክ ብሎ ማውራት ለምዶ ነበር። እርሳቸው ግን ባቡሩ እስኪያልፍ ዝም ብለው ይጠብቁና ከዚያ ይናገሩ ነበር። የበኩር ልጅ በመሆናቸው ታናናሾቻቸው “እታለም” ይሏቸው ነበር፤ መጠሪያውም እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖረ።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በአዋላጅ ነርስነት ሠለጠኑ። በሃያ አንድ ዓመታቸው ሥራ ጀምረው በአንድ ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገለገሉ። ማዋለጃው ክፍል ቧንቧ አልነበረውም፤ ውኃው ከመንገድ ማዶ በጀሪካን ይመጣ ነበር። በሃያ አምስት ዓመታቸው ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በአርባ ዓመታቸው ለምክር ቤት ሲወዳደሩ መድረክ ላይ ወጥተው፣ “ንግግር አላውቅም። ግማሻችሁ ስትወለዱ ለቅሷችሁን ሰምቻለሁ፤ አሁን ደግሞ እናንተ እኔን ስሙኝ” አሉ። ሕዝቡ ስቆ መረጣቸው። በምክር ቤቱ አሥራ ሦስት ዓመት ቆይተዋል። ማንኛውም ማዋለጃ ክፍል ያለ ቧንቧ ውኃ አገልግሎት እንዳይሰጥ የሚያዘውን አዋጅ አራት ዓመት ታግለው በሁለት ድምፅ ብልጫ አስጸድቀዋል። አጥብቀው የተከራከሯቸው የተቃዋሚው ወገን ተመራጭ የሆኑት ጠበቃ ነበሩ። ጠበቃው አዋጁ የገጠር ጤና ጣቢያዎችን ያዘጋል ባይ ነበሩ። ሁለቱ በስብሰባ ላይ እሳትና ጭድ ነበሩ፤ ከስብሰባ ውጭም ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር።

በአንድ ሰኞ ምክር ቤቱ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የጠበቃው ያለመከሰስ መብት እንደሚነሳ ከዓርብ ጀምሮ ይወራ ነበር። በምሳ ሰዓት በክልሉ አስተዳዳሪ ቢሮ በጸሐፊነት የምትሠራው ታናሽ እህታቸው የምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ጠበቀቻቸው። አለቃዋ ጠዋት ጠርቷት፣ “እህትሽን ምከሪያት” ብሏት ነበር።

“እታለም፣ ዛሬ ብቻ እጅሽን ከሰው ጋር አውጪ” አለቻቸው። “ልጆች አሉኝ።”

“አውቃለሁ” አሏት። “ያዋለድኩሽ እኔ አይደለሁ?”

ወደ አዳራሹ ገቡ።

በሩ ላይ የጥበቃው ቁጥር እጥፍ ሆኗል። የሁሉም ስልክ ተሰብስቧል። አፈ ጉባኤው ስለ ክሱ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ አንብበው፣ ዝርዝሩ ለምርመራው ሲባል እንደማይገለጽ ተናገሩ። ጠበቃው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ለመናገር ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም፤ ጉዳዩ የራሳቸው በመሆኑ ድምፅም አይሰጡም። “የምትደግፉ” ሲባል አዳራሹ በእጅ ተሞላ። የራሳቸው የጠበቃው ጓዶች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን አወጡ። “የምትቃወሙ” ሲባል የእርሳቸው እጅ ብቻዋን ወጣች።

አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አውልቀው፣ “የተከበሩ አባል፣ ተሳስተው ይሆን?” አሉ።

“አልተሳሳትኩም። አዋላጅ ሆኜ ስሠራ ሳልመረምር ለማንም መድኃኒት አልሰጠሁም። የክስ መዝገቡን ካላነበብኩ እጄን አልሰጥም።”

አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ለአንድ ተብሎ ተመዘገበ። ጠበቃው ከአዳራሹ ሳይወጡ ተያዙ። እርሳቸው በኮሪደሩ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሊወስዳቸው የሚገባው መኪና ስላልመጣ በአውቶቡስ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሁለት ሰዎች የተቀመጡባት መኪና በራቸው ፊት ቆመች። ባለቤታቸው አልጋውን ከመስኮቱ አርቀው ወደ ጓዳው በኩል አዞሩት፤ ለምን እንደሆነ ለልጆቹ አልነገሩም። ፓርቲያቸው አባረራቸው፤ የምክር ቤት መቀመጫቸውንም አጡ። ወደ ጤና ጣቢያቸው ቢመለሱ ክፍት የሥራ ቦታ የለም ተባሉ። ታናሽ እህታቸው ከቢሮዋ ተነሥታ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ወደሚገኝ መዝገብ ቤት ተዛወረች። “ለባዳ ብላ እኔን ሸጠችኝ” እያለች ሁለት ዓመት አላናገረቻቸውም። ይህን ጽሑፍ ጽፋ የምታነብላችሁ ያችው እህት ናት።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ከፈተ። በውስጡ አራት ገጽ ብቻ ተገኘ፤ ከአራቱም አንዱ የሌላው ገጽ ቅጂ ነበር። ጠበቃው በነጻ ተለቀቁ። በሳምንቱ ኮታቸው ሰፍቷቸው የአዋላጇን በር አንኳኩ። ሁሉም ምስጋና ሲጠብቅ፣ ሻይ ሲቀርብላቸው ስኳሩን አማስለው፣ “በውኃው አዋጅ አንቀጽ ሰባት ላይ ግን አሁንም ተሳስተዋል” አሉ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። ባለቤታቸው በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ያን ቀን ነበር።

ታናሽ እህታቸው ግን ወደ እርሳቸው ለመሄድ ሌላ አሥር ወር ፈጀባት። በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ነበሩ። የመጣችው ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር። እርሳቸውም፣ “ግቢ፣ ብርድ ነው” ብቻ አሏት። ስለዚያ ሰኞ አላነሱባትም።

በኋለኛው ዘመናቸው ለወጣት አዋላጆች ሥልጠና ሲሰጡ ቆይተው፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ነበር። ሆስፒታል በተኙበት ጊዜ እህታቸው፣ “ያን ቀን ፈርተሽ ነበር?” ብላ ጠየቀቻቸው። “እጄ ትንቀጠቀጥ ነበር” አሏት። “ዝቅ ካደረግኳት መንቀጥቀጧ ይታወቅብኛል ብዬ ነው ከፍ ያደረግኳት።”

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ለቀረነውም ልብ ይስጠን።