ፕሮሰሰሩና የማኪንድዬው ግንብ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2፣ ከሰዓት

መብራት ሄደ። ስሌቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው። ሦስተኛ ጊዜ ነው፤ ሁሌም ከዜሮ። ማስታወሻዬ፣ ብሳደብም አንተ አትከፋም። ኮምፒውተሩ አረጀ እንጂ አልተበላሸም፤ አልጥለውም። ተፈራ ግን አይጠብቅም። እዚህ ሰው አገር የከፈተው ምግብ ቤት አልበቃ ብሎት ማኪንድዬ ኮረብታ ተዳፋት ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያሠራል። አፈሩን የሚይዘው ግንብ ይችላል፣ አይችልም የምለው እኔ ነኝ። ከሥሩ ናካቶ የምትባል እናት ሦስት ልጆቿን ይዛ ትኖራለች። ዝናቡ ደርሷል።

ረቡዕ 3

ከተማ ወርጄ ያገለገለ፣ ከእኔው ግን የሚፈጥን ፕሮሰሰር ገዛሁ። ሻጩ “ኦሪጅናል ነው፣ ሴቦ” (ጌታዬ ማለቱ ነው) እያለ ማለ። ሳልጠይቀው መማሉ አናደደኝ። የድሮውን ነቀልኩ፣ የደረቀውን የማቀዝቀዣ ቅባት ጠረግሁ፣ አዲስ ቀብቼ ገጠምኩ። ሠራ። አልበቃኝም፤ መብራቱን አይቀድምም። ከተሠራለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አደረግሁት፣ ቮልቴጁንም ጨመርኩ። ማራገቢያው ይጮኻል። ባለቤቴ ጽጌ ከጓዳ መጣች።

“ሊነሣ ነው እንዴ? ቦሌ የሚያርፍ ከሆነ እኔንም አሳፍረኝ።”

አልሳቅሁም።

ሐሙስ 4

አለቀ! መብራት ሳይሄድ። ግንቡ ይችላል። በጠባቡ፣ ግን ይችላል። ፈርሜ ላክሁ። ተፈራ ደውሎ መረቀኝ፤ ያገር ልጅ እንዲህ ነው አለ። ደስ አለኝ፤ አልክድም።

ቅዳሜ 6፣ ጠዋት

ለሪፖርቱ አባሪ ሥዕል ያንኑ ስሌት ደገምኩት። አንድ ቁጥር አልነካሁም። አይችልም አለኝ። እንደገና አስኬድኩት፤ ሌላ ሦስተኛ መልስ። አልቆመም፣ ስሕተት ነው የሚል ጽሑፍም አላወጣም። የሚሞት ማሽን ይገባኛል። ይህ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል። አዲስ አበባ ሳስተምር ሳይደግም ላስረከበ ተማሪ ዜሮ ነበር የምሰጠው። ለራሴስ?

ሰኞ 8

ትናንት ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ዛሬ ያሳሳተው ያለ ልኩ መሮጡ እንደሆነ ልይ ብዬ ፍጥነቱን ወደ ነበረበት መለስኩ። ቀስ ብሎ ሄደ። ሁለት ጊዜ አስኬድኩት፤ ሁለቴም አንድ መልስ። አይችልም። በጠባቡም አይደለም።

ለተፈራ ደወልኩ። የግንቡ ኮንክሪት ተሞልቶ አልቋል፣ ከጀርባው አፈር እየደለደሉ ነው። መጀመሪያ ሳቀ።

“ሐሙስ ይችላል፣ ሰኞ አይችልም! ግንቡ ጉንፋን ያዘው እንዴ፣ ኢንጂነር?”

ሥራውን አቁም አልኩት። ያኔ ሳቁ ቆመ። ማሽንህን አስታም፣ ግንቤን ተወው፤ ፊርማህ እጄ ላይ ነው አለኝ። ጮኽኩ። ጽጌ መስኮቱን ዘጋች። ጎረቤት እንዳይሰማ።

ማክሰኞ 9፣ ከጠዋቱ 1፡30

ከንጋት ጀምሮ ይዘንባል። ፊርማዬን እንዳነሣሁ ትናንት ማታ ለተፈራም፣ ለከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪዎችም ጽፌአለሁ። ተቆጣጣሪዎቹ ዝም። ተፈራ አንዲት መስመር ላከ፦ ሥራው ይቀጥላል፤ የሚፈርም ሞልቷል።

ጽጌ ለናካቶ ደውልላት አለች። ስልኳን አላውቅም። የግንቡን ቦታ ልለካ የሄድኩ ቀን ወንበር አውጥታ ሰጥታኛለች፤ ስልኳን አልጠየቅኳትም። ስለ እሷ የማውቀው ቤቷ ከግንቡ በስንት ሜትር እንደሚርቅ ብቻ ነው።

ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ጠርቻለሁ። የአገሬው ቋንቋ፣ ሉጋንዳዬ፣ አይበቃም፤ በእንግሊዝኛ እነግራታለሁ። ይችላል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። ብትሰድበኝ ትስደበኝ። መሄጃ ከሌላት እዚህ ይመጣሉ፤ ጽጌ ሳሎኑን እያስለቀቀች ነው። ሳይወጡ አልመለስም።